የመጋዘን መዝገብ፣ የኮምፒዩተር ትምህርትና የጠፋችው ጳጉሜን

ከአንዲት የነጋዴ ጸሐፊ፤ አዳማ



በዚህ ሳምንታዊ ጽሑፍ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ ገበያ ዋጋ በየጊዜው ብዙ ይነበባል። እኔ ግን ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት በየመደብራችን በየቀኑ ስለሚሞላውና ዓመቱ ሲያልቅ በካርቶን ታስሮ ቆጥ ላይ ስለሚወረወረው መዝገብ ነው። ይኸው መዝገብ ለግብር ሰብሳቢው ከታየ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በውስጡ ግን የነጋዴው ትርፍና ኪሳራ፣ የደንበኛው ጠባይ፣ የመንገዱ መዘግየት፣ አልፎ ተርፎም የሰው ስም መነሣትና መውደቅ ተጽፎ ይገኛል። የሰው ስም ያልሁበት ምክንያት ወደ ኋላ ይገለጻል፤ በእኔ ስሕተት አንድ ታማኝ ሽማግሌ ሌባ ሊባሉ ጥቂት ቀርቷቸው ነበርና።

እኔ በአዳማ ከተማ ቦሎቄና ሌላም እህል ለውጭ ገበያ በሚያቀርቡ አንድ ነጋዴ ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃን ከመፈጸም አላለፈም፤ ዕድሜዬም ከአርባ ዘሏል። ደብዳቤ መጻፍ፣ ደረሰኝ ማስተካከል፣ ከመቂ፣ ከባቱና ከሻሸመኔ የሚላከውን የጭነት ማስረጃ መቀበል የዘወትር ሥራዬ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መንግሥታት ትብብር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ሥልጠና ሲከፈት ነገሩ ለወጣቶች ብቻ የታሰበ መስሎኝ ነበር። የእኅቴ ልጅ ግን በስልኳ ስትመዘገብ አይቼ፣ ትምህርቱ በኢንተርኔት የሚሰጥና ክፍያ የማይጠየቅበት መሆኑን በተረዳሁ ጊዜ እኔም ተመዘገብሁ። ከትምህርቶቹ አንዱ ስለ ዳታ ሳይንስ መሠረት የሚያስረዳ ነው። ዳታ ማለት በአጭሩ ተቆጥሮ፣ ተመዝኖ ወይም ተጠይቆ የተመዘገበ ነገር ሁሉ ነው፤ ስለዚህ ከእኛ ከነጋዴ ቤት ሰዎች ይልቅ ዳታ የሚያውቅ ማን አለ?

እንዲያውም የዚህ ዕውቀት ጀማሪ ነጋዴ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ጆን ግራውንት የተባለ የለንደን የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ በከተማው በየሳምንቱ የሚወጣውን የሟቾችና የተጠማቂዎች ዝርዝር ሰብስቦ፣ እንደ ሱቅ ሒሳብ ደምሮና አነጻጽሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1662 መጽሐፍ አሳተመ። ሕዝቡ ስለ ለንደን ነዋሪዎች ብዛት ሲያወራ በሚሊዮን ይጠራ ነበር፤ እርሱ ግን ከዝርዝሩ ተነሥቶ 384,000 ያህል ነው ሲል ገመተ። ወንዶች ልጆች ከሴቶች በጥቂቱ በልጠው እንደሚወለዱም ከዚሁ ዝርዝር አስተዋለ። ሌላውም ዊልያም ጎሴት ነው። ይህ ሰው በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጣሪ ሳለ፣ ከጥቂት ናሙና ብቻ ተነሥቶ ስለ ብዙው እንዴት በጥንቃቄ መፍረድ እንደሚቻል የሚያሳየውን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1908 አወጣ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዳያሳትሙ ስለ ከለከለ «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ጻፈ። እኔም ስሜን ያልጻፍሁት አለቃዬ «ስለ ቤታችን ሒሳብ ከሆነ ስምሽ ይቅር» ስላሉኝ ነውና፣ በዚህ ብቻ ከጎሴት ጋር እመሳሰላለሁ።

አሁን ስለ ትምህርቱ አኳኋን ልናገር። ስታቲስቲክስን በመጽሐፍ ብቻ ለመማር የሞከረ ሰው ከሁለተኛው ምዕራፍ አያልፍም፤ እኔም በተማሪነቴ ጊዜ አላለፍሁም። የኮምፒዩተር ትእዛዝ እየጻፉ መማር ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ መስመር ይጽፋሉ፤ መሣሪያው ወዲያው ይመልሳል። ከተሳሳቱ በቀይ ጽሑፍ ይወቅስዎታል፤ ያርሙና ደግመው ይጠይቁታል። ወቀሳው ሰው ፊት አይደለምና አያሳፍርም። እኔ የተማርሁበት ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሲሆን፣ በእርሱ ላይ ፓንዳስ የሚባል የሠንጠረዥ መሣሪያ ተጨምሮበታል። አር የተባለም ሌላ ቋንቋ አለ፤ ይህም በኒውዚላንድ ሁለት የስታቲስቲክስ መምህራን የሠሩት ነው። ሁሉም ያለ ዋጋ ይገኛሉ። ትእዛዞቹ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ ነገር ግን የፊደላችን ገበታ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ የዓምዶቹን ስም «ኩንታል»፣ «ቀን»፣ «ከተማ» ብሎ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። እኔ ይህን ባወቅሁ ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ሁለተኛ ደረጃ የተማርሁት እንግሊዝኛ በየመስመሩ እየከዳኝ ነበርና።

የመጀመሪያው መልመጃ ቀላል ነው። ሠንጠረዡን መክፈት፣ ስንት ረድፍ እንዳለው መቁጠር፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ረድፎች ማየት፣ መደመር፣ አማካይ ማውጣት። ከዚያ በየከተማው ወይም በየደንበኛው ከፋፍሎ መደመር ይመጣል፤ በመጨረሻም ሥዕል መሣል። የትምህርቱ ምሳሌዎች የባሕር ማዶ ሱቆች ናቸው። እኔ ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ እነዚያን ትቼ የራሴን መዝገብ አስገባሁ፤ ትምህርቱም በእውነት የጀመረልኝ ያን ጊዜ ነው። በሌላ ሰው ሱቅ አማካይ መሳሳት ማንንም አያሳዝንም፤ የራስ ሒሳብ ሲሳሳት ግን እንቅልፍ ይነሣል።

አማካይ ያልሁትን በምሳሌ ላስረዳ። የአንድ ኪሎ ሽንኩርት የሰባት ቀን ዋጋ 40፣ 42፣ 41፣ 43፣ 40፣ 42 ብር ሆኖ፣ በሰባተኛው ቀን ጸሐፊዋ 41 ብላ ልትጽፍ አስባ 410 ብትጽፍ፣ አማካዩ 94 ብር ይሆናል። በዚያ ሳምንት በ94 ብር የገዛ ግን አንድም ሰው የለም። ዋጋዎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረን መካከለኛውን ብንወስድ 42 ብር እናገኛለን፤ ይህም እውነቱን ይነግረናል። ስሕተት ባይኖርም እንኳ ጉዳዩ ያው ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ከ10 ኮንቴይነሮች ስምንቱ በሳምንት ወጥተው ሁለቱ ከአርባ ቀን በላይ ቢቆዩ፣ አማካዩ ሁሉም ሁለት ሳምንት ያህል እንደሚቆዩ ያስመስላል። ይህን አምኖ ከባንክ የተበደረ አስመጭ የሚጎዳው በእነዚያ በሁለቱ ነው። ስለዚህ አማካዩን ብቻ ሳይሆን መካከለኛውንና ጫፉንም መጠየቅ ይገባል።

ወደ ፈተናዬ ልመለስ።

አለቃዬ በ2018 ዓ.ም. መስከረም ወር «የምትማሪው ነገር ይጠቅም እንደ ሆነ እስቲ የዓመቱን ቦሎቄ አስልተሽ አምጪልኝ» አሉኝ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ወኪሎቻችን ከሦስቱ የመግዣ ጣቢያዎች ከላኩት ውስጥ አዳማ መጋዘን የገባው ምን ያህል ነው? የወኪሎቹ ዝርዝር በስልክ የሚሞላ ስለ ሆነ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፏል። የመጋዘኑ መዝገብ ደግሞ በመጋዘን ኀላፊያችን እጅ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ነው። እኒህ ሰው በቤቱ 22 ዓመት ያገለገሉ ሲሆኑ፣ ጆንያ ሲቆጥሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በኦሮምኛ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያሉ ነው፤ የሚጽፉት ግን በአማርኛ ነው። የእርሳቸውን መዝገብ ሦስት ምሽት ቁጭ ብዬ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጥሁት። መብራት በጠፋ ቁጥር እየጠበቅሁ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ችግር የከተሞች ስም ሆነ። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ይህ የታወቀ ነው፤ አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ ባቱ ዝዋይ ተብለው በአንዱ መዝገብ በአዲሱ፣ በሌላው በቀድሞው ስማቸው ይጻፋሉ። ሻሸመኔ ብቻዋን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተገኘች። ሰው ሲያነበው አንድ ከተማ መሆኑን ያውቃል፤ መሣሪያው ግን አንዲት ፊደል ብትለይ ሌላ ከተማ ነው ብሎ ይቈጥራል። በሐመሩ «ሐ» እና በብዙኃኑ «ኀ» መካከል እኛ ልዩነት ባንሰማ እርሱ ያያል። ስለዚህ ሁሉንም ወደ አንድ ስም የሚመልስ አጭር ዝርዝር ጽፌ አስተካከልሁ፤ በዚህም በጣም ኰራሁ።

ኩራቴ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ቀኖቹን ወደ ኮምፒዩተር ቀን ለመለወጥ ስሞክር መሣሪያው በቀይ ጮኸ። ምክንያቱን በጥሩ ሁኔታ ሳልመረምር፣ በትምህርቱ ላይ ያየኋትን አንዲት አጭር ቃል ጨመርሁ። ትርጓሜዋም «ያልገባህን ቀን ባዶ አድርገህ እለፍ» ማለት ነው። መሣሪያውም ታዛዥ ነውና ዝም አለ። በየወሩ ደመርሁ፤ ወሮቹን ደምሬ የዓመቱን አገኘሁ። ወኪሎቹ የላኩት 6,420 ኩንታል፣ መጋዘን የገባው 6,058 ኩንታል፤ ልዩነቱ 362 ኩንታል። በሰንጠረዥ አስውቤ፣ አትሜ፣ ለአለቃዬ ሰጠሁ።

አለቃዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። 362 ኩንታል ከሰባት አይሱዙ ጭነት በላይ ነው፤ አይጥ በላው አይባልም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመጋዘን ኀላፊውን አስጠርተው በሩን ዘጉ። እኔም ጸሐፊ ነኝና እዚያው ነበርሁ። «ይህን ያህል እህል የት ገባ? ሰኞ ቁልፉን ታስረክባላችሁ» አሏቸው። ሁልጊዜ አንተ የሚሏቸውን ሰው ያን ቀን አንቱ ማለታቸው ከቁጣው ይልቅ አስፈራኝ። ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ጌታዬ፣ እስከ ሰኞ ወረቀቱን ስጡኝ፤ ከመዝገቤ ጋር ላስተያየው» ብቻ አሉ። መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱን አጥፈው በኪሳቸው ከተቱት። ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ያልተኛሁት ሥራዬን ተጠራጥሬ ሳይሆን ለእርሳቸው አዝኜ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከአለቃዬ በፊት መጥተው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። መዝገባቸውን ከፈቱና ጣታቸውን በአንድ ገጽ ላይ አኑረው፣

«ልጄ፣ ጳጉሜን የት ጣልሻት?» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?»

«ይኸው የአንቺ ወረቀት አሥራ ሁለት ወር ነው። የእኔ መዝገብ አሥራ ሦስት ነው። ጳጉሜን ሦስት መኪና ተቀብያለሁ፤ ሰዉ ለዕንቍጣጣሽ ገንዘብ ፈልጎ ያለውን ያወጣበት ሳምንት ነው። አንቺ ዘንድ የለም። ጥቅምት 29 ሁለት መኪና፣ ጥቅምት 30 ሁለት መኪና፤ እነሱም የሉም።»

ወዲያው ገባኝ፤ ፊቴም እንደ በርበሬ ቀላ። መሣሪያው የእኛን ቀን የፈረንጅ ቀን አድርጎ ነበር የሚያነበው። ጥቅምት ሁለተኛው ወር ነው፤ የፈረንጆች ሁለተኛ ወር ግን የካቲት ላይ የሚውለው ፌብሩዋሪ ስለ ሆነ በዓመተ ቁጥር 2017 ከ28 ቀን አያልፍም። ስለዚህ ጥቅምት 29 እና 30 ለእርሱ በዓለም ላይ የሌሉ ቀኖች ናቸው። አሥራ ሦስተኛ ወር ደግሞ ጨርሶ አያውቅም። እኔ «ያልገባህን ባዶ አድርግ» ስላልሁት ሰባቱንም ቀኖች ባዶ አደረጋቸው፤ በየወሩ ሲደምርም ቀን የሌላቸውን ረድፎች ዝም ብሎ ተዋቸው። ሰባት ቀን፣ ሰባት አይሱዙ፣ 350 ኩንታል። መሣሪያው አልዋሸም፤ የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ።

አለቃዬ ሲገቡ ሁሉን ነገርኋቸው። ለእኔ ምንም አላሉኝም፤ ወደ ሽማግሌው ዞረው ግን «አንተ ሰው፣ ይቅር በለኝ» አሉ። በዚያ ቃል «አንተ» መመለሷን ስሰማ ዕንባዬ መጣ። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል ሻይ ያመጡልኝ የነበሩት እኒያው ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ላመጣላቸው ሲገባኝ።

ከዚህ የተነሣ የያዝሁት ልማድ አለ። በእያንዳንዱ ትእዛዝ ፊትና ኋላ ረድፎቹን እቈጥራለሁ። 128 ረድፍ የገባ 128 ሆኖ መውጣት አለበት፤ 121 ከሆነ ሰባቱ የት እንደ ሄዱ ሳላውቅ ወደሚቀጥለው መስመር አልሄድም። ባዶ የሆኑትን መሣሪያው እንዲዘረዝርልኝ አዝዛለሁ። ቀኖቹን ደግሞ የእኛን አቆጣጠር በሚያውቅ ስሌት እለውጣለሁ፤ ከወጣቶቹ መካከል ይህን የሠሩ አሉና ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ በእጅም መጻፍ አይከብድም። መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግሥት ደግሞ በ12 ይውላል፤ ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ሠላሳ እየቈጠሩ መሄድ ነው። ሰዓትም እንዲሁ ያሳስታል፤ የሚዛኑ መሣሪያ 8 ብሎ ያተመው ለእኛ ሁለት ሰዓት ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ከ362 ላይ 350 ሲቀነስ 12 ኩንታል ይቀራል። ከ6,420 ኩንታል 12 ኩንታል ከአምስት መቶ አንድ ያህል ነው፤ አለቃዬ «ይቅር» ብለው ነበር። እኔ ግን ዕዳ ያለብኝ መስሎ ስለ ተሰማኝ፣ ለእያንዳንዱ መኪና የተላከውንና የገባውን አቀናንሼ በየጣቢያው ለይቼ ሣልሁት። ከሁለቱ ጣቢያዎች የመጡት መኪናዎች አንዳንዱ ጥቂት ጐድሎ፣ አንዳንዱ ጥቂት ተርፎ፣ በዜሮ ግራና ቀኝ ተበትነው ተገኙ። ይህ የተፈጥሮ ነው። ከሦስተኛው ጣቢያ የመጡት 44 መኪናዎች ግን በሙሉ ማለት ይቻላል 25 ኪሎ ያህል ጐድለዋል። ይህም በአንድ ጆንያ ግማሽ ኪሎ መሆኑ ነው። ሾፌሩ ይለያይ፣ ወሩ ይለያይ፣ ጉድለቱ ግን አንድ ዓይነት ነው። የሰው እጅ ቢሆን አንድ ቀን ብዙ፣ አንድ ቀን ምንም ይሆን ነበር፤ በየጆንያው እኩል የሚወስድ ሌባ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ሚዛኑን ጠረጠርን። ክብደቱ የታወቀ የብረት መመዘኛ ተልኮ ሲለካ ሚዛኑ ከእውነቱ አብልጦ ያነብ ኖሯል። ወኪሉም አላወቀም፤ ዓመቱን ሙሉ ለገበሬው ያልተቀበለውን ግማሽ ኪሎ ሲከፍል ኖሯል። እኒህ 11 ኩንታል ናቸው። የቀረችውን አንድ ኩንታል እኔም «ይቅር» አልሁ።

ከቢሮ ውጭ ስላሉት አኀዞችም ጥቂት ልበል፤ ብዙዎቻችን በእነርሱ ላይ እንነግዳለንና። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ቀድሞ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የነበረው፣ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ያወጣል። ባለሱቅ ይህን አኀዝ የመንግሥት ጉዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ የሚነካው ግን እርሱኑ ነው። አምና 800,000 ብር ሸጦ ዘንድሮ 920,000 ብር የሸጠ ሰው ንግዴ በመቶ 15 አደገ ይላል። በዚያው ጊዜ አጠቃላይ ዋጋ ከ100 ወደ 120 ወጥቶ ከሆነ ግን፣ 920,000 ለ1.2 ሲካፈል 766,667 ብር ገደማ ይመጣል፤ ንግዱም በመቶ አራት ያህል አንሷል ማለት ነው። መጋዘኑ እየሳሳ ገንዘቡ ሲበዛ የሚገረመው ሰው መልሱን ከዚህ ያገኛል። ይህን ማስላት በፓይተን ሁለት መስመር ነው፤ በወረቀትም ቢሆን አንድ ማካፈል ነው።

ለአስመጭዎች ደግሞ የሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጉዳይ አለ። በዚያ ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ስለዚህ ከ2015 እስከ 2017 ዓ.ም. ያለውን የግዢ ዋጋ በአንድ ላይ ደምሮ አማካይ የሚያወጣ ሰው በሁለት የተለያዩ ዓለሞች መካከል ቆሞ ነው የሚያሰላው። ወንዝ ከጥልቁም ከጥልቅ ካልሆነውም ተደምሮ አማካዩ ጕልበት ድረስ ነው ተብሎ አይሻገሩትም። እኔ በመዝገባችን ላይ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሬ ለየብቻ አሰላለሁ፤ የዶላሩን ዋጋም በየቀኑ ከየግዢው ጎን አስገባለሁ።

የሕዝብ ቈጠራም እንዲሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ሦስተኛው ቈጠራ የአዳማ ሕዝብ 220,212፣ የሻሸመኔ 100,454፣ የቢሾፍቱ 99,928 ሆኖ ተመዝግቧል። አራተኛው ቈጠራ በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ ከታቀደ በኋላ ተላለፈ። አንድ ወጣት ነጋዴ በአዳማ የሚሸጠውን ስኳርና ዘይት በዚያ በ1999 ዓ.ም. ቁጥር ላይ ሲተምን አግኝቼው ነበር። ፈጣኑ መንገድ፣ የሞጆ ደረቅ ወደብና አዲሱ ምድር ባቡር ሁሉ የመጡት ከዚያ ቈጠራ በኋላ መሆኑን ብነግረው ገረመው። አኀዝ መቼ እንደ ተቈጠረ ሳይጠየቅ አይበላም።

መማር የሚወድ ሰው ምን ያስፈልገዋል? ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል፤ በስልክም መጀመር ይቻላል፤ ነገር ግን ትእዛዝ በስልክ መጻፍ ጣት ያደክማል። በከተማችን የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስላለ፣ በእረፍት ጊዜያቸው የሚያስተምሩ ተማሪዎች አይጠፉም፤ እኔንም በቀይ የተጻፈውን ወቀሳ ማንበብ ያስተማረችኝ ከእነርሱ አንዷ ናት። በመጀመሪያ ሃያ ረድፍ ብቻ ይያዙ፤ ውጤቱንም በእጅዎ ደምረው ያስተያዩ። ከመጽሐፍ ገልብጦ መለጠፍ አይጠቅምም፤ በጣት መጻፍና መሳሳት ነው የሚያስተምረው። ዋናውን መዝገብ በፍጹም አይንኩ፤ ግልባጩን ይሥሩበት። የደንበኞችን ስም፣ ስልክና ዕዳ ደግሞ ወደማያውቁት ድረ ገጽ አይጫኑ፤ ውድድሩን ትተን እንኳ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ አለ። እኔ በስም ፈንታ ቁጥር ሰጥቼ ነው የምለማመደው።

ሁሉን ነገር ኮምፒዩተር ያውቃል የሚሉ አሉ፤ በዚህ አልስማማም። የእኛን ሰባት ቀን ያገኟት ትምህርት ቤት ያልጨረሱ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ በሰማያዊ ቀለም ቀኑን ቀን ብለው ስለ ጻፉ። ነገር ግን የሚዛኑን ግማሽ ኪሎ እርሳቸውም እኔም በዓይናችን አናገኘውም ነበር። አሁን በየወሩ መጨረሻ የታተመውን ወረቀት ይዤ መጋዘን እወርዳለሁ፤ እርሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ከኩንታሉ በፊት ቀኖቹን ይቈጥራሉ፤ ከዚያ እንፈራረማለን።

የሚቀጥለው መልመጃዬ የሞጆው ጉዳይ ነው። ኮንቴይነር ሞጆ ከደረሰበት ቀን እስከ ወጣበት ቀን ያለውን ጊዜ በዕቃው ዓይነትና በወሩ ለይቼ፣ መካከለኛውና ጫፉ ስንት እንደ ሆነ ለማየት እፈልጋለሁ። የእኛ ቤት ግን ላኪ እንጂ አስመጭ አይደለምና የያዝሁት ጥቂት ረድፍ ብቻ ነው። የዕቃው ባለቤትና የድርጅቱ ስም ተሰርዞ፣ ሁለቱ ቀኖችና የዕቃው ዓይነት ብቻ የተጻፈበትን ዝርዝር በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት በኩል ለሚያደርሱልኝ አስመጭዎች ውጤቱን በዚሁ ገጽ ለማቅረብ ቃል እገባለሁ። ቀኖቹ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፉ በራስጌው ላይ ቢያመለክቱልኝ በጣም አመሰግናለሁ።